በቅቤ የተጠበቀው ውል

ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥቀስ። ስም ግን አልጠራም። የሰው ስም ያለባቸውን ወረቀቶች ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ስም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲንከራተት ደስ አይለኝም።

በበሩ አጠገብ ከአርጆ የመጡት አሮጊት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል፤ ጭናቸው ላይ ጭስ ያጠቆረው የቆዳ ከረጢት አለ። ከእሳቸው ፊት ለፊት፣ በግድግዳው በኩል ባለው አግዳሚ ላይ ዋርሳቸው፣ ማለትም የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ወፍራም ካፖርት እንደ ለበሱ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። በሁለቱ መካከል በርጩማ ላይ ያሉት በሰፈራችን የጸሎት ቤት የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አሳምረው ስለሚናገሩና ሁለቱም ወገኖች ስለሚያምኗቸው ታዛቢም አስተርጓሚም ሆነው መጥተዋል። ከጠረጴዛዬ ዳር ከፍርድ ቤት የተላከው ጸሐፊ አለ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ከሸዋ በቅርብ ስለመጣ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍለትም። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወረቀቱ ነበር። እንደ ሰው ብቆጥረው አይበዛበትም፤ ሁላችንንም የሰበሰበን እሱ ነው።

ወረቀት መጠገን ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። እናቴን አላስታውሳትም። አባቴ ሲሞት የቀረኝ ይህች ክፍልና አንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ ወረቀት ነው፤ የራሱም፣ ባለጉዳዮች ሳይወስዱት የቀሩም ተቀላቅለው። እሱ በሞተ በመጀመሪያው ክረምት ጣራው አፈሰሰና ሣጥኑ ውስጥ ውኃ ገባ። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ወፍራም ቂጣ መሰሉ። ለማላቀቅ ስሞክር ብዙዎቹ ተቀደዱ። በመጨረሻ የቀሩትን ጥቂቶች ሳልነካቸው በእርጥብ ጨርቅ መካከል አሳድሬ በማግስቱ ብሞክራቸው በገዛ ፈቃዳቸው ተለያዩ። እርጥብ ወረቀት እንደማይጎተት፣ የደረቀ ወረቀት በግድ እንደማይዘረጋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላውንም ሁሉ የተማርኩት እንዲህ፣ ከተበላሸ ወረቀት ነው።

መሣሪያዎቼ ጥቂት ናቸው። እጥፋት የምገልጥበት የላም ጎድን አጥንት አለኝ፤ በድንጋይ አሽቼ እንደ ቢላዋ ጀርባ አሳስቼዋለሁ። አቧራ በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ። ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስተዋት አለኝ፤ ወረቀቱን በእሱ ላይ ዘርግቼ፣ ሌላ መስተዋት ደርቤ፣ ከላይ የወፍጮ መጅ እጭንበታለሁ። ሙጫዬን ራሴ እሠራለሁ። የስንዴ ሊጥ በጨርቅ ቋጥሬ ውኃ ውስጥ እያሸሁ የሚወጣውን ነጭ ውኃ አዘቅጣለሁ፤ ከሥር የሚቀረውን ብቻ በዝግታ አፈላለሁ። ተባይ እንዳይበላው ጥቂት እሬት እጨምርበታለሁ። ከኋላ የምለጥፈው ስስ ወረቀት ደግሞ ሸሚዝና ብርጭቆ ተጠቅልሎበት የሚመጣው ነው፤ ነጋዴዎቹ ሳይጥሉት ያስቀምጡልኛል።

ሰዎች ከሲሬም፣ ከጊምቢም፣ ከአርጆም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የጋብቻ ነው፣ የልጅ ጥምቀት ነው፣ የመሬት ነው፣ የትምህርት ቤት ነው። በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፣ በኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ ወደ አማርኛ እንሻገራለን። ሰው ሁሉ ስለ ራሱ የተጻፈ ነገር ይዞ ይገባል፣ ይዞ ይወጣል። እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋብቻና ከማላውቀው ልጅ ጥምቀት ጋር ሰንብቼ አስረክባለሁ። ሲወስዱት ወደ ብርሃን አውጥተው ያገላብጡታል፣ ያደንቁታል፣ አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። አታጥፉት ብዬ ሳልጨርስ በሩ ይዘጋል። አልቀየማቸውም። የመጡት ለወረቀቱ እንጂ ለእኔ አይደለም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣራውን ቆርቆሮ የሚመታው ዝናብ ብቻ ነው፤ በነቀምቴ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው።

የአሮጊቷ ወረቀት ከዚያ በፊት ካየኋቸው ሁሉ የተለየ ነበር። ተጣጥፎ ተጣጥፎ የክብሪት ቀፎ አክሏል። ጠቁሯል፤ ወዝቷል። በጣት ሲጫኑት እንደ ለፋ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ሲያሸቱት ጭስና የቆየ ቅቤ ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱ የሚቀመጠው በቆዳው ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ከረጢቱ ደግሞ ምስጥ እንዳይደርስበት ከምድጃው በላይ ካለው እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። አሮጊቷ ማንበብ አይችሉም፤ ቆዳ እንዴት እንደሚያዝ ግን አሳምረው ያውቃሉ። ቆዳ ካልተቀባ ይደርቃል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ከረጢቱን ያወርዱና ከረጢቱንም ወረቀቱንም በለጋ ቅቤ ያሹ ነበር። በባላቸው ዘመን ጀምረውት ባላቸው ከሞቱም በኋላ አልተዉትም። እሳቸው በጥንቃቄ ሲቀቡት፣ ቀለሙ በየእጥፋቱ እየላላ ወረቀቱ በዝግታ ወደ ቆዳነት ተለወጠ። ግን ደግሞ ምስጥ አልነካውም፣ ውኃ አልገባበትም። በደንብ የተያዘ ወረቀት ነው ወይስ የተበላሸ ብባል ዛሬም መልስ የለኝም።

ወረቀቱ የድንበር ውል ነው። ባላቸውና ዋርሳቸው ከጣሊያን ወረራ በፊት የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ድንበሩ የት እንደሚያልፍ አስጽፈው በጣታቸው ፈርመዋል። ከድንበሩ አጠገብ የአባታቸው መቃብር አለ። ኋላ ባላቸው ሲሞቱ ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል ኩርፊያ ገባ፤ በምን ምክንያት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ዋርሳቸው መቃብሩ ያለበትን ቁራሽ ወደ እኔ ነው ብለው አጠሩት፤ ቡና ሊተክሉበት። አሮጊቷ ልጅ የላቸውም። ለዳኛው የተናገሩትን ሽማግሌው እንዲህ ብለው ነግረውኛል፦ «ሌላውን መሬት ከፈለገ ይውሰደው። እኔ የምጠይቀው ከባሌ ጎን የምተኛበትን ነው።»

ዋርሳቸው ደግሞ «ጣትህን ተጫን አሉኝ፣ ተጫንኩ፤ ምን እንደተጻፈ አላውቅም» ብለው ቃል ሰጥተዋል። የውሉ ምስክሮች በሕይወት የሉም። ወረቀቱ በችሎት ሊገለጥ ሲሞከር ጠርዙ መቀደድ ስለጀመረ ዳኛው አስቆሙት። ሁለቱም ወገኖች፣ አንድ ታዛቢና አንድ ጸሐፊ ባሉበት እኔ እንድከፍተው፣ ከተነበበ በእሱ፣ ካልተነበበም ያለ እሱ እንዲፈረድ አዘዙ። ያለ እሱ ማለት ለአሮጊቷ ከባላቸው ተለይቶ መቀበር ማለት ነው። ይህን ሁላችንም አውቀን ነው የተቀመጥነው።

ጠዋት ነበር። ዝናቡ ቢጥልም በበሩ የሚገባው ብርሃን ጥሩ ነው። ቅቤ በውኃ አይለቅም፤ ስለዚህ ውኃ አላቀረብኩም። ወረቀቱን በሁለት ቀለም መምጠጫ ወረቀቶች መካከል አድርጌ ከሰሉ ሊጠፋ የተቃረበ ካውያ ከላይ አሳረፍኩበት። ካውያው የእጅ መዳፍ የሚችለው ሙቀት ብቻ ነው ያለው። ቅቤው ሲላላ መምጠጫው ይጠጣል፤ መምጠጫውን እለውጣለሁ፤ እንደገና አሳርፋለሁ።

«ይህ ወረቀት ነው ወይስ ቋንጣ?» አሉ ዋርሳቸው። «ይልቅ ወደ መጥበሻ አግባው፤ ቁርስ ይሆነናል።»

ሽማግሌው ለጸሐፊው ሲተረጉሙለት ጸሐፊው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

«ቋንጣም ቢሆን ተርፏል» አሉ አሮጊቷ። «አንተ ጋ ቢሆን ኖሮ ምስጥ በልቶት አፈሩን ይዘህ ትመጣ ነበር።»

«እኔ ጋ ቢሆን ይነበብ ነበር።»

«አንተ ጋ ቢሆን አይገኝም ነበር!»

«ተዉ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «የልጁ እጅ ቢንቀጠቀጥ ለሁለታችሁም አይበጅም።»

«ልጁ የሚሰማም አይመስል» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ አዮ።» በእኛ አገር እናትን የምታክል ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው።

«ታዲያ ምነው አትናገር?»

«እየሠራሁ ነው።»

«ስትሠራ ብቻ ነው የማትናገር? ሚስት የለህም?»

«የለኝም።»

«ምን ሚስት ያስፈልገዋል» አሉ ዋርሳቸው። «ወረቀት አግብቷል። ዝም ትላለች፣ ስታረጅም ያድሳታል።»

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። አሮጊቷና ዋርሳቸው አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቃቸው ይመሳሰል ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት አብረው የሳቁ ሰዎች ሳቅ ነው። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ቀና ግን አላልኩም፤ የመጀመሪያው እጥፋት እየለቀቀ ነበርና።

አጥንቱን ከእጥፋቱ ሥር አስገብቼ፣ ሳልገፋ፣ ወረቀቱ ራሱ እስኪለቅ ጠበቅሁ። ለቀቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ከውስጥ የወጣው ወረቀት እንደ ስስ ሞራ ብርሃን ያሳልፋል፤ የፊቱ ጽሕፈት ከኋላው፣ የአንዱ እጥፋት ፊደል ከሌላው ጋር ተደራርቦ ይታያል። እንዲህ እንዳለ ማንም ሊያነበው አይችልም። የቀረውን ቅቤ ለማውጣት ጥቂት ቤንዚን ያስፈልግ ነበር። ግን ከውሉ ሥር ያረፈው ማኅተም ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም አረቄ ከነካው እንደሚሮጥ ከዚህ በፊት አይቻለሁ፤ ቤንዚን ምን እንደሚያደርገው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ ወስጄ በማኅተሙ ዳር ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። አልሮጠም። ከዚያ በኋላ በላባ ጫፍ፣ ከጠርዝ ወደ መሐል ሠራሁ። ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፤ የካውያውን ከሰል አስቀድሜ ውጭ አውጥቼ ነበር።

መጠበቅ ጸሐፊውን አሰለቸው። ሽማግሌውን «እማማ በወረቀቱ ላይ ያለውን ያውቁታል?» ብሎ አስጠየቀ።

«እንዴት አላውቅም?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ስቀባው ባሌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በቃሉ ይለው ነበር። መስቀል በመጣ ቁጥር።»

«የአገራችን ሰው ውልን በቃሉ ነው የሚይዘው» አሉ ሽማግሌው ለጸሐፊው። «ወረቀቱ ኋላ የመጣ ነው። ውል በቃል ሲባል የሚያውቀው ሰው ስህተት ሰምቶ ዝም አይልም፤ ዝም ካለ ከዋሹት ጋር ይቆጠራል።»

«ይህ ለችሎት አይሆንም» አለ ጸሐፊው፣ በትሕትና።

«ለችሎት አላልኩም።»

ዋርሳቸው በዱላቸው ጫፍ ወለሉን መታ መታ ሲያደርጉ ሰማሁ።

ከቀትር በኋላ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ። ቡናማ ነው፤ በእጥፋቶቹ ምክንያት ወደ ትንንሽ ማሳዎች የተከፋፈለ ይመስላል። ጽሕፈቱ የጥንቃቄ ሰው እጅ ነው፤ መሥመሩ ቀጥ ያለ፣ ነጥቡ በቦታው። ከሥር የጣት አሻራዎች አሉ። አንደኛው ሰፊ ነው፤ በቅቤው ውስጥ ስለቆየ ዛሬ የተጫኑት ያህል ጥርት ብሎ ይታያል። አሮጊቷ ተነሥተው ከትከሻዬ በላይ ሲያዩ ትንፋሻቸው ተሰማኝ። «የእሱ ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅኋቸውም።

ጸሐፊው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ሽማግሌው እግር በእግር ይተረጉማሉ። የወንድማማቾቹን ስምምነት፣ የአባታቸውን ምርቃት፣ የምስክሮቹን ስም አነበበ። ከዚያ ወደ ድንበሩ ደረሰ። «ድንበሩም ከምንጩ ተነሥቶ ቁልቁል ወርዶ በ…» ብሎ ቆመ።

ዋናው እጥፋት በዚያ መሥመር ላይ ያልፋል። በባላቸው ዘመን በየመስቀሉ ሲገለጥና ሲታጠፍ፣ ኋላም እንደ ታጠፈ ሲታሽና ሲቀባ፣ ወረቀቱ በዚያ ቦታ አልቆ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ሆኗል። ከክፍተቱ ወዲያ «እስከ ጅረቱ ድረስ ይሆናል» የሚለው ይነበባል። በመካከል ምንም የለም።

«እዚህ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ምንም የለም።»

«ሌላ ቤንዚን ብትጨምርበት?»

«ቀለሙ ቢደበዝዝ ኖሮ አወጣው ነበር። ወረቀቱ ራሱ ነው የሌለው።»

«በግምትስ? አንተ ብዙ ውል አይተሃል።»

«የሌለ ፊደል አልጽፍም» አልኩት። እንዲህ ያልኩት ለአሮጊቷ ሳላዝን ቀርቼ አይደለም። ግን በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ አንዲት የኔ ጭረት ከገባች ሌላው እውነተኛው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ዋርሳቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲህ ያው ነው» አሉ። «አይነበብም።» ድምፃቸው እንደ አሸናፊ አልመሰለኝም፤ የደከመ ነበር።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ከትከሻዬ ኋላ በኦሮምኛ ውሉን ከመጀመሪያው ማለት ጀመሩ። ድምፃቸው ተለወጠ። አልተቻኮሉም፤ ባላቸው ይሉት በነበረው ልክ ይመስለኛል፣ በየሐረጉ እያረፉ አሉት። ጸሐፊው ካነበበው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ሽማግሌው ለጸሐፊው ቀስ ብለው ይተረጉማሉ። እኔ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው፤ እሳቸው ሲሉ እኔ በመሥመሩ ላይ እከተላለሁ። ከምንጩ ተነሥቶ። ቁልቁል ወርዶ። ክፍተቱ ጋ ደረሱ።

«በዋንዛው በኩል አድርጎ» አሉ።

«ዋንዛው?» ዱላው ወለሉ ላይ ወደቀ። ዋርሳቸው ተነሥተው ነበር። «የምን ዋንዛ? ዋንዛውን የተከልኩት እኔ! በገዛ እጄ! ውሉ ሲጻፍ እዚያ ዋንዛ የሚባል ነገር አልነበረም! በሾላው ነው እንጂ! በሾላው በኩል አድርጎ፣ ሾላውንና የአባታችንን መቃብር ወደ ታላቅ ወንድም ትቶ፣ እስከ ጅረቱ ድረስ ነው! ዋንዛ ትላለች! ማሳዬን እኩሌታውን ልትወስድ ነው እንዴ!»

ከዚያ ዝም አሉ።

ያልገባው ጸሐፊው ብቻ ነበር፤ «ምን አሉ? ምን አሉ?» አለ። ሽማግሌው ቃሉን አንድ በአንድ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ተረጎሙለት። የጸሐፊው ብዕር ሲጭር ግን አልሰማሁም።

«ልጻፈው?» አለ ጸሐፊው በመጨረሻ። አጠያየቁ ጥሩ ነበር፤ ዋርሳቸውን እንጂ ሽማግሌውን አይደለም የጠየቀው።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር የዋርሳቸው ካፖርት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጻፈው» አሉ። «አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ወንድሜ ይለው የነበረውም ይኸው ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ከዚያ እኔን በክፍተቱ ዳርና ዳር የቀረ ነገር ካለ እንዳይ ጠየቀኝ። በአጉሊ መነጽር አየሁ። በአንደኛው ጠርዝ ላይ የአንድ ፊደል ጫፍ ቀርቷል። ከተባለው ቃል ጋር አይጣላም አልኩ፤ ያረጋግጣል ግን አላልኩም። እንዲሁ ብሎ መዘገበው። ዋርሳቸው በጸሐፊው ወረቀት ላይ ጣታቸውን ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ስሱን ወረቀት በሙጫ ከውሉ ጀርባ ለጠፍኩ። ክፍተቱን እንደ ክፍተት ተውኩት፤ በእሱ በኩል የስሱ ወረቀት ንጣት ይታያል።

አሮጊቷ የከረጢታቸውን አፍ ከፍተው ይጠብቁ ነበር። «አሁን ልያዘው?» አሉ።

ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር እንደሚቀመጥ ነገራቸው።

«እስከ መቼ?»

«እዚያው ነው የሚቀረው፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን ይቀባዋል?» አሉ።

እኔ ከእንግዲህ መቀባት እንደማያስፈልገው ነገርኳቸው፤ እውነት ነው፤ ግን ስናገረው ደስ አላለኝም። ሥራዬን በደንብ ሠርቼ እንደዚያ የከፋኝ ቀን የለም። ጠረጴዛው ላይ የተቆለሉት መምጠጫ ወረቀቶች ነበሩ፤ የስንት መስቀል ቅቤ ጠጥተው ቢጫ ሆነዋል። ከሁሉ በላይ የጠጣውን መርጬ ሰጠኋቸው። ፊደል የለበትም፤ የእጥፋቶቹ አራት ማዕዘኖች ብቻ በወዙ ውስጥ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት፣ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል አጥፈው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት። አታጥፉት አላልኳቸውም።

መጁን በውሉ ላይ ስጭን ሁሉም ወጡ፤ ጸሐፊው ውሉ ሲደርቅ ሊወስደው በማግስቱ ይመለሳል። የእግራቸውን ድምፅ በጭቃው ላይ ሰማሁ፤ ከዚያ ክፍሉ እንደ ወትሮው ሆነ። አግዳሚው ላይ የውኃ ምልክት ቀርቶ ነበር፤ እስኪደርቅ አልጠረግሁትም።

መቃብሩ ለአሮጊቷ እንደተፈረደ ጸሐፊው ቆይቶ ነገረኝ። ከዚያም በኋላ የልጁን የጥምቀት ወረቀት ይዞ የመጣ አንድ የአርጆ ሰው፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ሲያወራ ሲያወራ አሮጊቷ መሞታቸውን ጠቀሰ። ከባላቸው ጎን ተቀብረዋል። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ዋርሳቸው ናቸው አለኝ። መሞታቸውን ለእኔ ሊነግር የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ዘመድ አይደለሁም። ያም ሆኖ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ስለዚያ ወረቀት የማላውቀው ነገር የለም። የእያንዳንዱን እጥፋት አቅጣጫ፣ ማኅተሙ ከየትኛው ጎን ጠንከር ብሎ እንዳረፈ፣ ውሉን የጻፈው ሰው ቀለም የነከረባቸውን ቦታዎች ሳይቀር ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ በኋላ ስለ ሰዎቹ የማውቀው ግን በአብዛኛው ድምፃቸውን ነው። ቀና አላልኩም ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን የነበራችሁትን እጠይቃለሁ። አሮጊቷ «ዋንዛ» ሲሉ ረስተው ነው ወይስ ዋርሳቸው ዝም እንደማይሉ አውቀው? ቃሉን ሲናገሩ ወዴት ይመለከቱ ነበር? ከጀርባዬ ስለነበሩ እኔ አላየሁም። ሌላውን ሁሉ ሳያዛንፉ ብለው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ መሳታቸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ዋርሳቸው ዝም ሲሉ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? ዱላቸውን ማን አነሣላቸው? ወደ አርጆ መንገድ የወጡት አብረው ነው ወይስ እየራቁ?

ጸሐፊው፣ ወደ ጊምቢ ተዛውረሃል ይላሉ። ሽማግሌው፣ ሲሬ ልጆችዎ ዘንድ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። የአርጆው አባት፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ቅር አይበልዎ፤ ስለ ዋንዛው ክፉ የሚያወራ ሰው እዚህ የለም። ክፍሌ እዚያው ነው፣ ወደ ቡርቃ ጃቶ በሚወስደው መንገድ፤ አግዳሚውም አለ። ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ወይም አስጽፋችሁ ላኩልኝ። ይህ የጻፍኩት መሐሉ ላይ ክፍተት አለው፤ እኔ ደግሞ በግምት አልሞላም።